አሥራ ሁለት ነን

ከዋጫ ቦንጋ በሚኒባስ የተመላለሰ ሰው ሆኖ እትዬ አልጋነሽን የማያውቅ የለም። የማያውቃቸው ካለ ወይ ላንድክሩዘር የተመደበለት ሹም ነው፣ ወይ በእግሩ የሚሄድ ጤነኛ ነው። ለእኛ ለተሳፋሪዎች ሕግ እንዴት እንደሚታለፍ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። እኔ በበኩሌ ሕግ እንዴት እንደሚከበር የማስተምር ሰው ነበርኩ። ሀብተሥላሴ እባላለሁ፤ ዋጫ ላይ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መምህር ነበርኩ። ቤቴ ቦንጋ ስለሆነ ሰኞ ሄጄ ዓርብ እመለሳለሁ። ሳምንቱን ሙሉ «የሕግ የበላይነት» የሚለውን ምዕራፍ ሳስተምር እሰነብትና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከእትዬ አልጋነሽ ጋር ሆኜ አፈርሰዋለሁ።

እትዬ አልጋነሽ የኮረሪማና የጥምዝ ቅመም ነጋዴ ነበሩ። ቦንጋ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ አግብተው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። ልብስ ሰፊው ሞተ፤ እሳቸውም የስፌት መኪናውን ሸጠው ኮረሪማ ንግድ ውስጥ ገቡ። ኮረሪማ ደግሞ እንደ ሹም ቦንጋ ድረስ አይመጣም፤ ሄደው ከገበሬው እጅ መግዛት አለባቸው። በደርግ ጊዜ ከቡና ጆንያ በላይ ተቀምጠው በጭነት መኪና ተመላለሱ። ኢሕአዴግ ሲገባ ሚኒባስ መጣ። ከሚኒባሱ ኋላ ደንብ መጣ፣ ከደንቡ ኋላ ኬላ መጣ።

ደንቡ ሚኒባስ የሚጭነው አሥራ ሁለት ሰው ነው ይላል። የእኛ ሾፌር ተድላ ግን አሥራ ዘጠኝ ሳይሞላ ልቡ አይሞላም። ስለዚህ አሥራ ሁለታችን መናኸሪያ ውስጥ በሥርዓት እንሳፈራለን፤ ስምሪቱ «12» ብሎ ወረቀት ይሰጠዋል። ሰባቱ ትርፎች ከከተማው ዳር ዛፍ ሥር ቆመው ይጠብቁናል። እትዬ አልጋነሽ ሁልጊዜ ከትርፎቹ ጋር ናቸው። የመጨረሻው ገበሬ የመጨረሻዋን ኮረሪማ እስኪያወርድ ስለሚጠብቁ መናኸሪያው ክፍት ሆኖ አግኝተውት አያውቁም። ከወንበሮቹ መሃል የምትገባ አንዲት የእንጨት ዱካ ነበረቻቸው፤ ራሳቸው ነበሩ ይዘዋት የሚዞሩት።

ኬላው ከውሽውሽ የሻይ ማሳ ወዲህ ነበር። መንገዱን አቋርጦ የተዘረጋ ገመድ፣ ገመዱ ላይ የታሰረ ቀይ ጨርቅ፣ ከጎኑ የትራፊክ ፖሊሱ ሳጅን ባፈና። ሳጅን ባፈና ጉቦ አይበላም፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነበር። ቢበላ ኖሮ ይህን ሁሉ ድካም ባልደከምን ነበር። እሱ በር ከፍቶ ራስ ይቆጥራል፣ ወረቀቱን ያያል፣ መዝገቡ ላይ «12፣ ትክክል» ብሎ ሰዓቱን ይጽፋል። እንግዲህ ኬላው ሳይታይ ከመታጠፊያው በፊት ተድላ ያቆማል። «ትርፎች፣ ተከተሉኝ!» ይላሉ እትዬ አልጋነሽ፤ ሰባቱም ነጠላቸውንና ሱሪያቸውን ሰብስበው በእንሰቱ መሃል ባለው አቋራጭ ይሄዳሉ። እኛ በገመዱ በኩል፣ እነሱ በእንሰቱ በኩል፣ ከኬላው ወዲያ ማዶ እንገናኛለን። ሳጅኑ ያውቅ ነበር ወይ? አንዳንዴ ወደ እንሰቱ ሲያይ አይቼዋለሁ። ግን ደንቡ መኪና ውስጥ ያለውን ቁጠር እንጂ ቁጥቋጦ ውስጥ ያለውን ቁጠር አይልም።

አንድ ቀን ሪህ የያዘው ወፍራም የቡና ነጋዴ ከትርፎቹ ጋር ነበርና መራመድ አቃተው። እትዬ አልጋነሽ ከወንበር ሥር አስተኝተው ባዶ ማዳበሪያ አለበሱት፤ ማዳበሪያውም ኮረሪማ የወጣበት ነበር። ከአሥራ ሁለቱ አንድ ጎረምሳ በእንሰቱ ሄደ፣ እሳቸው በቦታው ተቀመጡ። ሳጅኑ በሩን ከፍቶ ሲቆጥር ማዳበሪያው አስነጠሰ። ሁላችንም ደረቅን። እትዬ አልጋነሽ ወዲያው ሦስት ጊዜ በላይ በላዩ አስነጠሱና «ወይ ኮረሪማ! ይማርዎት እንኳ የሚል ጠፋ?» አሉን። አሥራ አንዳችን በአንድ ድምፅ «ይማርዎት!» አልን። ያን ቀን ከሳቃችን ብዛት ቦንጋ እንዴት እንደገባን አላወቅንም።

ደግ ሰዎች ነን። ትራፊክ ብቅ ሲል አንገታችንን ለመቅበር የሚቀድመን የለም። ሾፌሩ በቁልቁለት ሞተር አጥፍቶ ሲነዳ የሚቆጣ ሰው አላየሁም፤ ትራፊኩ መኪና ሲያስቆም ግን «ሥራ ፈት!» ብሎ የማይሳደብ የለም። የሚያድነንን እየሸወድን የሚገድለንን እንደብቃለን። ይህን ዛሬ ስጽፈው ብልህ ሰው እመስላለሁ፤ ያኔ ግን ጮክ ብዬ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

በሁለት ሺህ ሁለት ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። እኔ መናኸሪያ ቀድሜ ስለደረስኩ በር አጠገብ ተቀምጫለሁ። ኬላው ላይ እንደ ወትሮው ተቆጠርን፤ «12፣ ትክክል»። ትርፎቹም ከእንሰቱ ጭቃቸውን ይዘው ወጡና ገቡ። እትዬ አልጋነሽ ዱካቸውን እግሬ ሥር አድርገው ተቀመጡ። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር፤ አስፋልት ይመጣል እየተባለ ይለካ ነበር እንጂ አልመጣም። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ መኪናው ወደ ቦይ ተንሸራተተ። ተድላ መሪውን ጠመዘዘ፣ አሥራ ዘጠኝ ሰውና አራት ጆንያ ኮረሪማ ግን በመሪ የሚታዘዝ አልሆነም። መኪናው እንደ ደከመው በሬ ቀስ ብሎ በጎኑ ተኛ።

ማንም አልሞተም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ግንባሩ የተሰነጠቀ ነበር፣ ጥርሱ የወለቀ ነበር። በመስኮት ተሳስበን ወጣን። እትዬ አልጋነሽን ስናወጣቸው ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። እንደምንም መንገድ ዳር አስተኛናቸው። ያን ጊዜ ከኬላው በኩል የሞተር ብስክሌት ድምፅ ተሰማ።

እዚህ ላይ ሌላ አገር ቢሆን ሰው «እርዱን!» ብሎ ይጮሃል። እኛ ጋ ግን ተድላ፣ ደሙ በዓይኑ ላይ እየወረደ፣ «ትራፊክ መጣ! ትርፎች፣ ጥፉ!» ብሎ ጮኸ። ስድስቱ ትርፎች እያነከሱና እየደሙ ወደ ጫካው ሮጡ። ከሁለት ደቂቃ በፊት ከሞት የተረፉ ሰዎች ናቸው። እትዬ አልጋነሽም እጄን ያዙና «መምህር፣ ምን ታየኛለህ? ሳበኝ እንጂ!» አሉኝ። ብብታቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። ነጠላቸውን ነክሰው ጩኸታቸውን ዋጡ። ከአንድ ትልቅ እንሰት ጀርባ አስተኝቻቸው ተመለስኩና ከአሥራ ሁለቱ ጋር ተሰለፍኩ።

ሳጅን ባፈና ከሞተሩ ወርዶ አየን። ፊቱ ነጭ ሆኗል። ለእኛ ደንግጦ ነው።

«ስንት ናችሁ?» አለ። እኔን ነው የጠየቀኝ፤ መምህር ስለሆንኩ።

«አሥራ ሁለት ነን» አልኩ።

«ከባድ ጉዳት የደረሰበት?»

«የለም፤ ጭረት ብቻ ነው።»

ከእንሰቱ በኩል የሚያቃስት ድምፅ መጣ። ሳጅኑ ዞረ። «ምንድን ነው?»

«ጉሬዛ ነው» አለ ተድላ።

ሳጅኑ ወደ እንሰቱ አየና ጻፈ። አሥራ ሁለት ሰው፣ ቀላል ጉዳት፣ የአደጋው ምክንያት ዝናብ። በምስክርነት እኔ ፈረምኩ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይባላል።

እትዬ አልጋነሽን ሳጅኑ ከሄደ በኋላ በቃሬዛ ቦንጋ አስገባናቸው። ወጌሻ አሸው፣ በቀርከሃ አሰረው፤ አጥንቱም ገጠመ፣ ግን ተጣሞ ገጠመ። ከሁለት ወር በኋላ ጅማ የወሰደቻቸው ልጃቸው ዝማሬ ናት። ሐኪሙም እንደገና ተሰብሮ ብረት ካልገባበት በቀር እንዲህ እንደተጣመመ ይቀራል፣ ቶሎ ካልሆነ ደግሞ በኋላ አይቃናም አላቸው። ለሕክምናው የመኪናው መድን ይከፍላል፤ የተጎዱት በዚያ አደጋ መሆኑን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ ብቻ ያምጡ ተባሉ። ማስረጃው ላይ ግን አልጋነሽ የምትባል ሰው የለችም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

መጀመሪያ ሳጅን ባፈና ዘንድ ሄዱ። እሱ እንዳያቸው ገባው። «እናቴ፣ እኔ የጻፍኩት የነገሩኝን ነው» አላቸው። «ከአሥራ ሁለቱ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ይምጣና አሥራ ዘጠኝ ነበርን ይበል። መዝገቡን ያኔውኑ አስተካክላለሁ።»

አንድ ሰው። ይህን ያህል ቀላል ነበር። እትዬ አልጋነሽ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁላችንንም ቤታቸው ጠሩን። የተጣመመውን እግር በርጩማ ላይ ዘርግተው ተቀመጡ፤ ሁላችንም ከእግሩ በስተቀር ሁሉን እናይ ነበር። አንዱ «ተድላ መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል፣ እኛ በምን እንሄዳለን?» አለ። ሌላው «መኪናው ከታገደ ለሁሉም ጉዳት ነው፣ ለእርስዎም ጭምር» አለ። ተድላ ራሱ መሬት መሬት እያየ «እትዬ፣ ደንቡን እኮ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» አላቸው። ይህችኛዋ አባባል ልባቸው ድረስ ገባች፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፣ የፈረምኩት እኔ ስለሆንኩ። «እስቲ ማስረጃውን የሚሰጠው የትራፊክ ቢሮ አብሬዎት እሄዳለሁ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ያኔ የምናገር መስሎኝ ነበር።

ቢሮው ውስጥ ያገኘናቸው አቶ ልዑልቃል የሥራ ሂደት ባለቤት ነበሩ። ቢፒአር የሚባለው የአሠራር ለውጥ በዚያ ሰሞን ገና ትኩስ ነው፤ ግድግዳው ላይ «ተገልጋይ ንጉሥ ነው» የሚል ተለጥፏል፣ ከሥሩ ደግሞ ማንኛውም ጉዳይ በአሥራ አምስት ደቂቃ ይጠናቀቃል የሚል ቻርተር አለ። አቶ ልዑልቃል ሰዓታቸውን አይተው ጀመሩ።

«እናቴ፣ ኬዝዎን አይቼዋለሁ። ዳታው አይደግፍዎትም። ተሽከርካሪው ከመናኸሪያ ሲወጣ አሥራ ሁለት፣ ኬላ ላይ አሥራ ሁለት፣ አደጋው ቦታ ላይ አሥራ ሁለት። ሦስት ማስረጃ ነው። እርስዎ መኪናው ውስጥ አልነበሩም።»

«ታዲያ ይሄ እግር የት ተሰበረ?»

«እሱ በእኛ የሥራ ሂደት አይታይም። የእኛ ተሽከርካሪ ነው፤ እግር የጤና ነው።»

እትዬ አልጋነሽ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር አለ፤ እሱ ይናገራል። የጎተተኝ እሱ ነው።»

አቶ ልዑልቃል ብዕራቸውን አስቀመጡ። «መምህር፣ እዚህ የፈረሙት እርስዎ ነዎት አይደል? ይህ ቃል ሐሰት ከሆነ የሐሰት ምስክርነት ነው፤ በወንጀል ያስጠይቃል። ያውም የሥነ ዜጋ መምህር። ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱም ማሳወቅ ሊኖርብን ነው። እንግዲህ ይንገሩኝ፣ ስንት ነበራችሁ?»

በዚያ ሳምንት የመምህራን ግምገማ ነበር። ስለ ግምገማው አሰብኩ። ስለ ልጆቼ አሰብኩ። ፈሪ ሰው ሲጨንቀው ልጆቹን ያስባል፤ ለምክንያት ይሆኑታል።

«አሥራ ሁለት» አልኩ።

ጉዳዩ በአሥራ አንድ ደቂቃ ተጠናቀቀ፤ ከቻርተሩ አራት ደቂቃ ተረፈ። ስንወጣ እትዬ አልጋነሽ በረንዳው ላይ ቆሙ። አልጮኹም፣ አልረገሙኝም። «እኔ አልነበርኩም እሺ» አሉ። «እኔን የጎተተኝ ሰውዬስ? እሱም አልነበረም ማለት ነው?» ብለው በምርኩዛቸው ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ። ልደግፋቸው እጄን ዘረጋሁ፤ እንዳላዩ አለፉት።

ብረቱ ሳይገባ ቀረ። በዓመቱ መጨረሻ የቢሮው ሪፖርት በስብሰባ ሲነበብ እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። «በበጀት ዓመቱ በትርፍ ጭነት ምክንያት የደረሰ አደጋ፦ ዜሮ» ተባለ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፤ ዜሮ ለማድረግ የኔ አስተዋጽኦ ትንሽ አልነበረም።

በመስከረም እትዬ አልጋነሽ ወደ ንግዳቸው ተመለሱ። ምን ያድርጉ? ሁለተኛዋ ልጅ ገና ትምህርት ላይ ናት፣ ኮረሪማም አሁንም እንደ ሹም ቦንጋ ድረስ አይመጣም። ግን ያቺን ዱካ ማንም ዳግም አላያትም። ገበሬ ቢለምናቸው፣ ዋጋ ቢረክስ፣ ከሁሉ ቀድመው መናኸሪያ ይገባሉ፤ ጋቢና ከተድላ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሃል ያቆማሉ። ተድላ ከዚያ ቀን ወዲህ ያፍራቸዋል፤ ከማፈር በላይ ግን ይፈራቸዋል። ደንቡን በቃላቸው የሚያውቁ ሰው እሱ አጠገብ ተቀምጠዋል።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ዓርብ፣ ትምህርት ቤት ስብሰባ ገጥሞኝ ዘገየሁ። የስብሰባው ርዕስ «ሕግ አክባሪ ዜጋ በመቅረጽ ረገድ የመምህሩ ሚና» ነበር። መናኸሪያ ስደርስ አሥራ ሁለቱ ሞልቷል። ተድላ ቦርሳዬን ተቀብሎ ከኋላ አስገባልኝና በአገጩ ወደ ከተማው ዳር አመለከተኝ። ሄጄ ዛፉ ሥር ቆምኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርፍ ሆንኩ። ስሳፈር እትዬ አልጋነሽ ዞረው አዩኝ።

ከኬላው በፊት ካለው መታጠፊያ ስንደርስ ሰባታችን ወረድን። ዝናቡም እኛን የጠበቀ ይመስል ያኔ ጀመረ። «ተከተሉኝ» የሚል ሰው ስለሌለ እንሰቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠፋን። ጫማዬን ጭቃው አስቀረብኝ፤ ቆፍሬ አወጣሁት። በቅጠሎቹ መሃል ገመዱ ይታየኛል። ሳጅን ባፈና በሩን ከፍቶ ቆጠረና ጋቢናው ጋ ደረሰ።

«ስንት ናችሁ?»

«አሥራ ሁለት ነን፣ ልጄ» አሉ እትዬ አልጋነሽ ጮክ ብለው። «ዛሬ እኔም አለሁበት። ስሜንም ጻፈው፤ አልጋነሽ በል።»

ሳጅኑ ስም መጻፍ አይጠበቅበትም። ግን መዝገቡን ከዝናቡ በደረቱ ከልሎ ጻፈው።

እኛ ከኬላው ማዶ ወጥተን መንገድ ዳር ተሰልፈናል። ሚኒባሱ መጣ። እጄን አነሳሁ። ተድላ ቀዝቀዝ አደረገ፤ የጋቢናው መስኮት ክፍት ስለነበር ሁሉን ሰማሁ።

«ንዳ፣ ተድላ» አሉ።

«እትዬ፣ ሰዎቹ እኮ…»

«የምን ሰዎች? አሥራ ሁለት ነን። ሳጅኑ ቆጥሮ ጽፏል። ካቆምክ እዚሁ እወርድና ሄጄ ሰባት ጎድሎሃል እለዋለሁ።» ይህን ሲሉ የሚያዩት ተድላን አልነበረም፤ ዓይኔን እያዩ ነው።

ተድላ ነዳ። ከኋለኛው መስኮት ቦርሳዬ ታየኝ፤ ውስጡ የተማሪዎቼ ፈተና አለ፣ ምዕራፍ ሁለት፣ የሕግ የበላይነት። አልተናደድኩባቸውም። መናደድ ፈልጌ ነበር፣ ግን እፍረት እንጂ ንዴት አልመጣልኝም።

በዚያ ዝናብ ወደ ቦንጋ በእግር ጀመርን። መኪናው የተኛበትን መታጠፊያ አለፍን፤ እንሰቱም እንዳለ ነው። ብዙ ሳንርቅ ከኋላችን የሞተር ብስክሌት ድምፅ መጣና ሳጅን ባፈና አጠገባችን ቆመ። ሰባት ሰው፣ እስከ ጉልበታችን ጭቃ፣ ቤት በሌለበት መንገድ ላይ። አንድ በአንድ አየን፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እየቆጠረን መሆኑ ገባኝ። ዓይኑ እኔ ላይ ቆመ።

«መምህር፣ ከየትኛው መኪና ነው የወረዳችሁት?»

የጠየቀው በደግነት ነበር። አንዲት ቃል ብትወጣኝ መኪናውን አስመልሶ ያሳፍረን ነበር፤ ያን የግንቦቱን መዝገብም ይከፍተው ነበር። ሌሎቹ ስድስቱ እኔን ይጠብቁኝ ነበር።

«ከየትኛውም አልወረድንም» አልኩት።